የእናቴ ሁለተኛ ሠርግ

የእናቴንና የአባቴን ሠርግ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ስል ሰዎች ይስቃሉ። «ኧረ ተይ፣ ያኔ አንቺ የት ነበርሽና!» ይሉኛል። ነበርኩ እንጂ! ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የፊት ጥርሴ ወልቆ፣ ነጭ ካልሲ አድርጌ፣ ፀጉሬን በቀይ ሪባን ታስሬ ከእናቴ ጎን ቆሜያለሁ። ሙሽራዋ እሷ፣ ሙሽራው እሱ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን የለም። ይህን ስናገር አሁን ያንገበግበኛል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው፣ ምን ላድርግ።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው።

አባቴ በያጅ ነበር። የብረት አልጋና በር የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሸሚዞቹ በሙሉ ደረታቸው ላይ በእሳት ፍንጣሪ የተበሳሱ ነበሩ፤ ማታ ሲያቅፈኝ ጣቴን በቀዳዳዎቹ እያስገባሁ ሆዱን እኮረኩረው ነበር። እናቴ ቤት ቁጭ ብላ ልብስ ትሰፋለች። የምንኖረው ተከራዮች በበዙበት ግቢ ውስጥ በሁለት ክፍል ቤት ነው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥሰው እኛ «ይማርህ» እንላለን፣ እሱም ከዚያ ማዶ «ያኑራችሁ» ይላል።

እናቴ ኩላሊቷ አይሠራም ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲሁ ስላየኋት የሌላውም ሰው እናት የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ሄዳ ከሰዓት በኋላ ፊቷ ገርጥቶ ትመጣለች፣ ትተኛለች፣ በማግስቱ ደግሞ ተነስታ ስፌቷን ትቀጥላለች። የግራ ክንዷ ላይ መርፌው የሚገባበት ደም ሥር እንደ ገመድ ቋጠሮ አብጦ ነበር። ጆሮዬን ክንዷ ላይ ሳስጠጋ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። «ንብ አለሽ» እላታለሁ። «አዎ፣ ማር እየሠራችልኝ ነው» ትለኝ ነበር።

የእኔ ስም ደግሞ «ራዲዮ» ነው። ያወጣችልኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እኔ የሰማሁት ነገር ከሰዓት በኋላ ግቢው በሙሉ ይሰማዋል። ለማን ደመወዝ እንደተጨመረ፣ የማን ባል ሰክሮ እንደገባ፣ ማን ድስት እንዳሳረረ፣ ሁሉም ከእኔ ነው። አክስቴ «የዚች ልጅ አፍ መዝጊያ ያልተሠራለት ጉድጓድ ነው» ትላለች። ውሸቷን አልነበረም። ኋላ ለመጣብን ነገር ሁሉ ይኼ አመሌ ምክንያት ሆነ። አንድም ነገር ሊነግሩኝ አልቻሉም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴና አክስቴ ኩሽና ውስጥ ቆመው በሹክሹክታ ያወራሉ። ደጁ ሥር ተለጠፍኩ። የአክስቴ ሹክሹክታ ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም።

«ሌላ መላ የለም» አለች። «ይውጣ። እሱ እዚህ ቤት እስካለ ድረስ አንቺ አትድኚም።»

«እንዴት አድርጌ ነው ውጣ የምለው እታለም?»

«እንደ ሰው ነዋ! ሌሎቹ ያደርጉት የለም እንዴ? ዛሬ ካላወጣሽው ነገ እሱም ያለቅስልሻል፣ እኔም አለቅስልሻለሁ።»

እናቴ አለቀሰች። ለእኔም ሁሉም ነገር ግልጥ አለልኝ፤ እናቴን የሚያሳምማት አባቴ ነው ማለት ነው! አክስቴ ናት ያወቀችበት። ግን እንዴት ነው የሚያሳምማት? የፋብሪካው ጭስ ይሆን? ሳል ያመጣባት ይሆን? በዚያ ሳምንት አባቴ ሲያቅፈኝ ትንፋሼን ይዤ እቆይ ነበር። እሱም ገርሞት «ምነው ራዲዮ፣ ጣቢያው ተዘጋ እንዴ?» ይለኛል።

የሆነው ይኼ ነው። በዚያ ዓመት የጤና መድን ደንቡ ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ ከአባቴ ደመወዝ በየወሩ ትንሽ ይቆረጥና የእናቴን ሕክምና መድኑ ይችል ነበር። አዲሱ ደንብ ግን፣ ደመወዝተኛ ያለበት ቤተሰብ የእንዲህ ዓይነቱን ሕክምና ግማሽ ከኪሱ ይክፈል፣ ምንም ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በነፃ ይታከም አለ። ሲሰሙት ደግ ነገር ነው፤ ለደሃ ያስባል። የእጥበቱ ግማሽ ግን የአባቴ ደመወዝ ሙሉ ነበር። ቤት ኪራዩስ? ዳቦውስ? እናቴ ባል የሌላት፣ ደመወዝ የሌላት ሴት ብትሆን ኖሮ ግን በነፃ ትታከማለች። ይኼን ያሰበችው አክስቴ ናት። በኋላ ዕድሜዬ ሲደርስ ሽንኩርት እየላጠች ሁሉንም ዘረዘረችልኝ። ሽንኩርቱ ጠቀማት፣ ዓይኗን ለመጥረግ ሰበብ አላስፈለጋትም።

ጠቡ የተነሳው እሑድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ባለበት ሰዓት ነው።

እኔ በር ላይ ገመድ እዘላለሁ። ከውስጥ የአባቴ ድምፅ ድንገት ጎላ። «ደከመኝ! ሰው ነኝ እኮ እኔም! ጧት ማታ ብረት ስጠብስ ውዬ እዚህ ስገባ የአንቺን ፊት አያለሁ!» አለ። አባቴ ጮኾ አያውቅም ነበር። ገመዱ ከእግሬ ጋር ተጠላለፈ። እናቴም «ማን ያዘህ! በሩ ያውልህ! እኔ ያላንተም ኖሬያለሁ!» አለችና ድስት ወደ ደጅ ወረወረች። ድስቱ እየተንኳኳ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ጎረቤታችን እማማ ምሥር ሻጭ፣ እህል በሚዛን የሚሸጡት ሴትዮ፣ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ሮጠው መጡ። «ኧረ እናንተ ልጆች ምን ነካችሁ! ኧረ ጎረቤት!» ግቢው ሁሉ ወጣ።

አባቴ ልብሱን በከረጢት ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ቆመና ዞሮ «ሰልችቶኛል። በሽታሽ ራሱ ሰልችቶኛል» አላት። ይኼን ግን አልጮኸበትም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው። እናቴ የምትወረውረው ሁለተኛ ነገር በእጇ ይዛ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። እኔ እግሩን ይዤ ተጎተትኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀኝና ሄደ።

አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ያንን ጠብ ቤቷ ሲለማመዱት ሰንብተዋል። አባቴ ስድብ አይመጣለትም ነበር አሉ። «አንቺ... አንቺ ክፉ» ብሎ ይጀምርና ይጠፋዋል፤ እናቴ በሳቅ ትፈርሳለች። በመጨረሻ አክስቴ ተናዳ ስድቡን ሁሉ ራሷ አስጠናችው። «ደከመኝ የሚለው የእኔ ነው» አለችኝ። «የአንቺን ፊት አያለሁ የሚለውም የእኔ ነው። ድስቱም የእኔ ሐሳብ ነው፤ ለጎረቤት ጆሮ የሚሆን ነገር ያስፈልግ ነበር።» ሌላ ሽንኩርት አነሳች። ከዚያ፣ «በሽታሽ ሰልችቶኛል የሚለውን ግን እኔ አላስጠናሁትም» አለች። አባቴን ግን ደፍሬ ጠይቄው አላውቅም፤ የጠየቁት ነገር መልስ ሊኖረው ይችላላ።

ከዚያ ፍቺው በፍርድ ቤት ጸደቀ፣ እናቴም የችግረኛ ካርድ ለመውሰድ ተመዘገበች። ጥቂት ቆይቶ የመድን ቢሮው አጣሪ መጣች። ረጅም፣ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር የምትይዝ፣ ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካው የምትጠነቀቅ ሴትዮ ነበረች። ሥራዋ «ባል የለኝም» ያለችዋ ሴት ቤት ገብቶ ባል መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። አልጋ ሥር አየች። በር ጀርባ የተሰቀለውን ልብስ ገላለጠች። የስፌት ማሽኑ ጎረቤት ዘንድ ተደብቆ ስለነበር ቦታው ባዶ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ቆንጆ፣ አባትሽ የት ነው?»

እናቴ ከኋላዋ ቆማለች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛለች።

«ጠልቶን ሄደ» አልኩ።

«ማታ ማታ ይመጣል?»

«አይመጣም። መስኮት ላይ ሆኜ ስጠብቀው እኮ ነው የማድረው። እማዬን በሽታሽ ሰልችቶኛል አላት። እኔንም እግሬን ልቀቂ አለኝ።» ከዚያ ለቅሶው መጣ። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ፣ ንፍጤ ከእንባዬ እስኪቀላቀል ድረስ አለቀስኩ። «እባክሽ ካገኘሽው ይምጣ በይው» አልኳት።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ አወጣች። መጀመሪያ የእኔን ፊት ጠረገች፣ ቀጥላ የራሷን። «ወንዶች!» አለች እናቴን እያየች። «አይዞሽ እህቴ። ካርድሽ በዚህ ሳምንት ይደርስሻል።»

ያን ቀን እናቴ እኔን አቅፋ ለረጅም ሰዓት አለቀሰች። «ይቅር በይኝ የኔ እናት፣ ይቅር በይኝ» ትላለች። አባቴን ስላባረረችው መስሎኝ ይቅር አልኳት። አሁን የራሴን ልጅ ሳይ ነው የሚገባኝ። የእውነት እንባ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ነበሩ፤ በቤቱ ውስጥ ደግሞ የእውነት እንባ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እንባዬን ወሰዱብኝ። በእሱም እናቴ ታከመች።

አባቴ ጋራዥ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ከሌላ ሠራተኛ ጋር ያድር ጀመር። አንዳንድ ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ እየመጣ ብስኩት ይሰጠኝና ይሄዳል። ኩራት ገብቶኝ አላናግረውም ነበር። ብስኩቱን ግን እበላለሁ። አኩራፊ ምሳው እራት ይሆነዋል ሲሉ ሰምቼ ነበርና እኔ ሁለቱንም ማጣት አልፈለግኩም።

ደግሞ አንድ ቀን ትምህርት ስላልነበረ አክስቴ ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄደች። ከእጥበት ክፍሉ ጀርባ፣ የታካሚ አንሶላ በሚሰጣበት ጓሮ፣ አንድ የድንጋይ አግዳሚ አለ። እናቴና አባቴ እዚያ ተቀምጠዋል። አንድ ዳቦ ለሁለት ገምሰው ይበላሉ። አባቴ የሆነ ነገር ነገራት፤ እሷም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣለች።

«አክስቴ! ታረቁ እኮ!» ብዬ ልሮጥ ስል አንገቴን ይዛ መለሰችኝ።

«አልታረቁም። የሐኪም ቤት ደንብ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ መኮራረፍ ክልክል ነው።»

«ለምን?»

«በሽተኛ ይረበሻላ! ነይ፣ ሂጂ ወዲያ። ይኼን ደግሞ ለሰው ብታወሪ ምላስሽን በመርፌ ነው የሚወጉልሽ።»

አመንኳት። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት ማለት የተጣሉ ሰዎች በግድ የሚዋደዱበት ቦታ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ኖርኩ። የሚያሳዝነው፣ ያ አግዳሚ የሁለቱ ብቸኛ ቤት ነበር። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ መርፌው ከክንዷ ከወጣ በኋላ፣ ነርሶቹ እስኪያባርሯቸው ድረስ እዚያ ይቀመጡ ነበር።

እንዲህ እያልን ዓመት አለፈ። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ደንቡ እንደ አየር ጠባይ ነው፣ ዛሬ ፀሐይ ነገ ዝናብ። ራዲዮኑ አንድ ጧት ሌላ ነገር ይዞ መጣ። የእኔ ቢጤ ራዲዮ ሳይሆን የእውነቱ። አክስቴ ሻይ እየጠጣች ነበር፤ ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀረች። «ወይኔ!» አለች። «ወይኔ እህቴን ገደልኳት!»

እኔ የገባኝ የለም። የነገሩ ፍሬ ይኼ ነበር። የችግረኞቹ ገንዘብ አለቀ። ስለዚህ ከእንግዲህ የችግረኛ ካርድ ያለው ሰው ለጉንፋንና ለቁስል ብቻ ይታከም ተባለ። እጥበትን የመሰለውን ትልቅ ሕክምና መድኑ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፤ ግን ከደመወዙ ለሚያዋጣ ሠራተኛ፣ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ ብቻ። አያችሁት? ሳይፋቱ ተቻችለው፣ ተበድረውም ተለቅተውም ያንን አንድ ዓመት ቢገፉት ኖሮ ምንም ባልሆኑ። ቢያውቁ ኖሮ! ማን ያውቃል? ያደረጉት ሁሉ በልክ የተቆረጠ፣ በጥንቃቄ የተሰፋ ነበር። ልብሱ አልቆ ሲለበስ ግን ባለቤቱ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ሳምንት አባቴ ጋብቻ ምዝገባ ቢሮ ቀጠሮ ያዘ።

እኔ የተነገረኝ «አባትሽና እናትሽ ሊጋቡ ነው» ተብሎ ነው። በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ የቀረ ሰው የለም፣ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ይኼን ወሬ መንዛት ተፈቅዷል። እማማ ምሥር ሻጭ እልልታቸውን አቀለጡት። እናቴ አረንጓዴ ቀሚስ ሰፋች፤ ክንዷን እንዲሸፍን እጅጌውን ረጅም አደረገችው። አባቴ ፂሙን ተላጭቶ የጓደኛውን ኮት ለብሶ መጣ። ኮቱ ሰፍቶት ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። አየሁት፣ ሮጬ ዘለልኩበት፣ ትንፋሼን ሳልይዝ አቀፍኩት።

የምዝገባ ቢሮው ሰውዬ ሸበቶና ጨዋታ ወዳድ ነበር። መዝገቡን ገልጦ ስማቸውን አየና መነጽሩን ወደ ላይ አደረገ።

«እንዴ! የእናንተን ፍቺ እኮ እኔው ነኝ የመዘገብኩት! ታረቃችሁ?»

«ታረቅን» አለ አባቴ።

«እሰይ! ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው? ወርቅ ይሸለሙ!»

«ደንቡ ነው ያስታረቀን» አለ አባቴ። ሰውዬው ሳቀ። ሌላ ማንም አልሳቀም።

አክስቴ ምስክር ሆና ፈረመች። «ለአንድ ባልና ሚስት ሁለቴ ስመሰክር ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። እናቴ አለቀሰች። አባቴም ዓይኑን ጠረገ። ሠርግ ላይ ሰው በደስታ እንደሚያለቅስ ስለማውቅ እኔም ላለቅስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ጥርሴን ብቻ እያሳየሁ ቆምኩ፤ ያውም የወለቀውን።

ከዚያ ድግሱ ወዳለበት የምንሄድ መስሎኝ ነበር። የሄድነው መድን ቢሮ ነው። ሰልፉ እስከ ደጅ ወጥቷል። በሠርግ ልብሳችን ተሰለፍን። ሰዉ እናቴን እያየ «ሙሽራ ናት፣ አሳልፏት» አለና መንገድ ተለቀቀልን፤ እኔም ንግሥት የሆንኩ መሰለኝ። መስኮቱ ጋ አንዲት ወጣት ጸሐፊ ተቀምጣለች። የጋብቻ ወረቀቱን ተቀብላ ኮምፒውተሯ ላይ መታ መታ አደረገች።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች። «ባለቤትዎን አስገብቼልዎታለሁ ጋሼ። አዲስ ተጋቢ ስለሆናችሁ ግን የመቆያ ጊዜ አለ። ሽፋኑ የሚጀምረው ከስድስት ወር በኋላ ነው።»

አባቴ አልሰማ ይሁን አልገባው እንጃ፣ ፈገግ እንዳለ ቆየ። «የምን መቆያ?»

«ሰዎች ሲታመሙ ብቻ እየተጋቡ አስቸገሩ። ለዚያ ነው የወጣው።»

«የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ አዲስ አይደለንም። ከተጋባን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው። ይኸው ልጃችን!» ብሎ ብብቴን ይዞ ወደ መስኮቱ አነሳኝ። እኔም ለጸሐፊዋ ሳቅሁላት።

«ታምራለች» አለች ልጅቷ። ክፉ ሰው አልነበረችም። «ግን መዝገቡ ላይ ተፋታችኋል። የተጋባችሁት ዛሬ ነው።»

«አልተፋታንም! ፍቺው...»

እናቴ ኮቱን ሳበችው። የሳበችበት ኃይል ከእሷ የሚወጣ አይመስልም ነበር፤ የሰው ኮት ብብቱ ላይ ተተረተረ። «ሙሽራዬ» አለችው፣ እየሳቀች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፤ «እንሂድ፣ ሰው እየጠበቀን ነው።»

ፍቺው የውሸት ነበር ቢል ኖሮ እዚያው ነበር የሚያዙት። አጭበርብራችኋል ተብለው የታከመችበትን ሁሉ መልሱ ይባላሉ፣ እሱም ይታሰራል፣ የእሱ ሥራ ከሄደ ደግሞ ስድስት ወር የሚጠበቅለት መድንም አይኖርም። ዝም ካሉ ስድስት ወር ነው። እናቴ በዚያች ቅጽበት፣ መስኮቱ ፊት ቆማ፣ ይኼን ሁሉ አስባ ዝምታን መረጠች። እኔ አየር ላይ እንደተንጠለጠልኩ እግሬን እያወዛወዝኩ ነበር።

«ከስድስት ወር በኋላ ምን አለ?» ብዬ አክስቴን መንገድ ላይ ጠየቅኋት።

«ድግስ» አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የስድስት ወሩን ድግስ ስጠብቅ ኑሮዬ ገነት ሆነ። አባቴ ቤት ገባ። ማታ ማታ ግን ከፋብሪካ ወጥቶ የሰው በርና መስኮት ሲበይድ ያመሻል። ዓይኑ በብርሃኑ ተቃጥሎ ቀልቶ ይመጣል። እናቴ የስፌት ማሽኗን ከጎረቤት አስመጥታ ትሰፋለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እናቴ ሐኪም ቤት መሄድ መቀነሷ ነበር! መጀመሪያ ከሦስት ቀን ወደ ሁለት ቀን፣ ከዚያም ወደ አንድ ቀን። ከትምህርት ቤት ስመጣ ቤት አገኛታለሁ። «ዛሬም አልሄድሽም?» እላታለሁ፤ «ዛሬም አልሄድኩም» ትለኛለች፤ አንገቷ ላይ እጠመጠማለሁ። እጥበቱን ራሳቸው እየከፈሉ ከቻሉት በላይ መሄድ ስላልቻለች ነው። እኔ ግን አባቴ ስለተመለሰ የተሻላት መስሎኛል፤ አክስቴ ታማው የነበረው ሐሰት ሆነ ብዬ ደስ ብሎኛል።

ደግሞም ወፈረች። ቀጭን የነበረችው እናቴ ፊቷ ክብ አለ፣ ጉንጯ ሞላ፣ እግሯ ጫማ አልበቃ አለው። ትምህርት ቤትም ግቢም «እናቴ ወፈረች! ሠርጉ ተስማማት!» እያልኩ አወራሁ። እማማ ምሥር ሻጭ ሲሰሙኝ ሚዛናቸውን ቁጭ አድርገው ወደ ቤታቸው ገቡ። ያ ውፍረት አይደለም፤ እብጠት ነው። መውጣት ያለበት ውሃ ሰውነቷ ውስጥ ቀርቶ ነው። ያኔ ግቢው ውስጥ ይኼን የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወሬ ሁሉ ከእኔ የሚጀምርበት ግቢ ውስጥ።

አባቴ ያልጠናው ደጅ የለም። የመድን ቢሮው የበላይ ኃላፊ ዘንድ ገብቶ እያለቀሰ ወጥቷል አሉ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ «ለአንድ ሰው ደንብ አይጣስም» አለው። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ በራሱ ኃላፊነት በነፃ አጥቦላታል፤ ሦስተኛው ላይ አለቃው ደረሰበት። ስድስቱን ወር እናቴ አልሞላችውም። በአራተኛው ወር ዕድሜዋ አለቀ።

የማስታውሰው የመጨረሻውን ቀን ነው። ሙቀቱ የጉድ ነበር። አባቴ በሥራ ሰዓት ቤት መጥቶ ነበር፤ ለምን እንደመጣ አልጠየቅኩም፣ መምጣቱ በቂዬ ነው። አክስቴ ምድጃው አጠገብ ሥራ ሳይኖራት ቆማለች። እናቴ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፋ፣ ተቀምጣም ተኝታም ሳይሆን፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ከናፍሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ራዲዮ» አለችኝ። «እስኪ ውሃ አምጪልኝ። በትልቁ ብርጭቆ።»

ኩላሊቱ ለማይሠራ ሰው ውሃ ጠላት ነው። የጠጣው መውጫ የለውም፤ ሳንባው ላይ ሄዶ ይተኛል። ለዓመታት እናቴ ውሃ የምትጠጣው በሻይ ብርጭቆ ተለክቶ፣ በአባቴ እጅ ነበር። ይኼን አሁን ነው የማውቀው። ያን ቀን ያሰብኩት እናቴ እንደ ሰው በትልቁ መጠጣት ጀመረች ብዬ ብቻ ነው።

እስከ አፉ ሞልቼ፣ እንዳይፈስ እየተጠነቀቅኩ አመጣሁላት። አክስቴ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እናቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አንዴም ሳታቋርጥ ጠጣችው። ከአገጯ እየወረደ አረንጓዴ ቀሚሷን አራሰው። ስትጨርስ ዓይኗን ጨፍና «እፎይ! ውሃ ለካ እንዲህ ይጣፍጣል!» አለች፤ ሳቀችም። «ድገሙኝ።»

አባቴን አየሁት። «በቃሽ» ይላታል ብዬ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚላት እሱ ነው። ተነሳ። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበለ። ውጭ ወጥቶ ቧንቧውን ከፈተ፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አፈሰሰው፤ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ሞልቶት መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቷን በክንዱ ደገፈና ራሱ አጠጣት።

«ጠጪ የኔ ሆድ» አላት። «እስክትረኪ ጠጪ። ማንም አይከለክልሽም።»

እሷም ጠጣች። እናቴንና አባቴን ተቃቅፈው፣ ሁለቱም ፊታቸው እርጥብ ሆኖ፣ እንዲህ ተዋደው አይቻቸው አላውቅም ነበር። እኔም ደስ ስላለኝ ለራሴ አንድ ብርጭቆ ሞልቼ መጣሁና አልጋው ላይ ወጥቼ አብሬያቸው ጠጣሁ።